ምንጫችሁ ሲመነምን ከአናቱ ጀምሩ

ሰሜን ሸዋ ባሕር የለውም። ግን ጣርማ በር ላይ ቆማችሁ ዝናቡን ብትከተሉት ወዴት እንደሚሄድ ታያላችሁ። ከሸንተረሩ ወደ ምዕራብ የወደቀው ጠብታ በበሬሳና በመሰሎቹ ወንዞች አድርጎ ጀማ ይገባል፣ ከዚያ ዓባይ፣ ከዚያ ሜዲትራኒያን። ወደ ምሥራቅ የወደቀው በሮቢና በጎረቤቶቹ ወርዶ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። የባሕር ጠረፍ ሰዎች የውሃውን መጨረሻ ይጠብቃሉ። ለእኛ የደረሰን መጀመሪያው ነው። እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከማሳ ሥር የምትወጣ አንዲት ምንጭ ናት።

ከዚህ በታች የምጽፈው አንድ ጎጥ፣ አንድ ዕድር ወይም አንድ የውሃ ኮሚቴ በራሱ ጉልበት የሚሠራውን ነው። አብዛኛው ሥራ ሲሚንቶ አይፈልግም። እንዲያውም ከሁሉ በፊት ሲሚንቶ ከመጣላችሁ ጠርጥሩ። ምንጭ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ውሃው በሚፈልቅበት ዓይኑ ላይ አይደለም። ጉዳቱ የሚጀምረው ከላይ ካለው ተዳፋት፣ ቀጥሎም ከሰዎቹ አለመስማማት ነው። ቅደም ተከተሉን የጻፍኩትም ለዚህ ነው፤ አትገልብጡት።

መጀመሪያ ለኩ

“ውሃው ቀንሷል” የማይል ጎጥ አይቼ አላውቅም። ስንት ነበር? አሁንስ ስንት ነው? ሲባል ግን ዝም ነው።

የሚያስፈልገው አንድ ባለ20 ሊትር ጀሪካን፣ ስልክና ደብተር ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ የበልጉ ዝናብ አልቆ ክረምቱ ሳይገባ፣ ማለዳ ቀጂዎች ሳይመጡ ድረሱ። ምንጩ በጎን የሚያመልጥ ከሆነ በጭቃና በቆርቆሮ ቁራጭ ወደ አንድ አፍ ሰብስቡት። ጀሪካኑ እስኪሞላ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ጻፉ። ሦስት ጊዜ ለኩና አማካዩን ያዙ።

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጎጥ እንዲህ ስንለካ ጀሪካኑ ለመሙላት ሁለት ደቂቃ ፈጀበት። ወረፋ የያዙት እናቶች “ይኸው! ሞታለች አላልናችሁም?” አሉ። ሒሳቡን እዚያው ጉልበቴ ላይ ሠራሁት። 20 ሊትር በሁለት ደቂቃ ማለት በሰዓት 600 ሊትር ነው። በ24 ሰዓት 14,400 ሊትር ይሆናል። ጎጡ 60 ቤት ነው፤ ለአንድ ቤት አምስት ሰው ብንይዝ 300 ሰው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር የተቀመጠው ልክ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር። በዚያ ስንሄድ ጎጡ የሚፈልገው 7,500 ሊትር ነው። ግማሽ ያህሉ ይተርፋል! ታዲያ ይህ ሁሉ ወረፋ ከየት መጣ?

መልሱን የነገሩን አንዲት ጀሪካን ላይ የተቀመጡ እናት ናቸው። “ሌሊት ማን ይቀዳል ልጄ?”

በቃ። የዚያ ጎጥ ዋና ችግር የምንጩ መድረቅ አልነበረም፤ የሌሊቱ ውሃ ዝም ብሎ መፍሰሱ ነበር። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ብቻ 7,200 ሊትር ይሄዳል። ሳይለኩ ቢጀምሩ ኖሮ ምንጩን ይቆፍሩት ነበር። ስለዚህ ለኩ። የከብቱንም አትርሱ፤ አንድ ላም በቀን 30 ሊትርና ከዚያ በላይ ትጠጣለች።

ዝናብ ላይ ውጡ

ይህኛው ደረጃ ልብስ ያረጥባል። ሐምሌ ውስጥ ዝናቡ እየጣለ ሦስት ወይም አራት ሰው ሆናችሁ ከምንጩ ወደ ላይ ውጡ። በበጋ ብትወጡ የምታዩት ደረቅ ማሳ ነው። በዝናብ ሰዓት ግን ጎርፉ ራሱ መንገዱን ያሳያችኋል።

ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ ከምንጩ ቅዱና አስቀምጡ። ከከባድ ዝናብ በኋላ ባሉት ሰዓታት ደግሞ ሌላ ብርጭቆ ቅዱ። ሁለተኛው ከደፈረሰ የላይ ጎርፍ ሳይጣራ ወደ ምንጩ እየገባ ነው ማለት ነው። አፈር አብሮት ከገባ፣ ማሳው ላይ ያለው የከብት አዛባና የሰው እዳሪም አብሮ እንደሚገባ አትጠራጠሩ። ላቦራቶሪ ሳትሄዱ ይህን ያህል ታውቃላችሁ።

ላይ ስትደርሱ ፈሰሶቹን ተከተሉ። ፈሰስ ምን እንደሆነ ለገበሬ አይነገርም፤ የከተማ ልጅ ካላችሁ ግን ንገሩት፤ ማሳው ውሃ እንዳይቋጥር በማረሻ የሚወጣ የውሃ መሄጃ ነው። እኛ አገር መረሬ በሚባለው ጥቁር ሸክላ መሬት ላይ ፈሰስ ከሌለ ገብስም ምስርም አይሆንም። ችግሩ ፈሰሱ የሚያልቅበት ቦታ ነው። ከላይ ያለው ጎረቤት ወደ ታችኛው ማሳ ይለቀዋል፣ የታችኛው ወደ መንገድ፣ መንገዱ ወደ ምንጩ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሁሉም ከራሱ ድንበር ላይ ገፍቶ ለቀቀው እንጂ። የእያንዳንዱን ፈሰስ ጫፍ ደብተር ላይ ምልክት አድርጉ። ሽንት ቤት፣ በረት፣ የባሕር ዛፍ ጥግ፣ የቦረቦር አፍና ከብት የሚወርድበትን መንገድም እንዲሁ። ካርታው አያምርም። ባያምርም ግድ የለም።

ስምምነቱ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። የከሸፈ የምንጭ ሥራ ስጠየቅ መጀመሪያ የምፈልገው የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ ነው። ብዙ ጊዜ የለም፤ ካለም ከምንጩ በላይ ያለው ባለመሬት ስሙ የለበትም።

ስብሰባውን በገበያ ቀን አታድርጉት። ከዕድር ወይም ከሰንበቴ በኋላ ሰው ሳይበተን ይሻላል። አራት ዓይነት ሰው ከሌለ ስብሰባው አልተሟላም። አንደኛው ከላይ የሚያርሰው ነው። ሁለተኛ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች፤ ባሎቻቸው አይተኳቸውም፣ ምክንያቱም ስንት ሰዓት ወረፋ እንደሚቆም ባል አያውቅም። ሦስተኛ እረኞቹ። ልጆች ናቸው ብላችሁ አትለፏቸው፤ አጥሩን የሚከፍተውም የሚጠብቀውም እነሱ ናቸው። አራተኛ፣ ምንጩ ጠበል ከሆነ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ደን የሚወጣ ከሆነ፣ የደብሩ አባቶች። የጠበል ውሃ ላይ አጥር ልሥራ ብሎ ሳያማክር የሚነሳ ሰው ሥራውን ገና ሳይጀምር ጨረሰው።

ከዚያ ንግግሩን በክልከላ አትክፈቱ። ለዚህ ሩቅ አገር ምሳሌ አያስፈልገንም፤ መንዝ አለችልን። የጓሳ ሣር ለዘመናት የተጠበቀው ቀሮ በሚባል ሥርዓት ነው፤ መነሻው 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው ይባላል። ሥርዓቱ “ሣሩን አትንኩ” አላለም። ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፣ ከዚያ ቀን ተቆርጦ ይከፈትና ሁሉም ያጭዳል። የመክፈቻውን ቀን የሚቆርጠው ሕዝቡ የመረጠው አለቃ ነበር። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ቀሮ ፈረሰ፣ ሣሩም ተጎዳ። በኋላ የአካባቢው ሰው በኮሚቴ መልሶ አቋቋመው። ዛሬ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እዚያ አሉ።

ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ደንባችሁ ውስጥ መዝጊያውን ብቻ ሳይሆን መክፈቻውንም ጻፉ። “ከምንጩ በላይ ያለው ቦታ ለከብት ዝግ ነው” ብቻ ካላችሁ እስከ ታኅሣሥ አይቆይም። “ቦታው ለከብት ዝግ ነው፤ ሣሩ መስከረምና ጥቅምት ላይ በእጅ ታጭዶ ይወሰዳል፤ የመጀመሪያው ሸክም የባለመሬቱ ነው” ካላችሁ ግን ባለመሬቱ ራሱ ዘበኛ ይሆናል።

ደንቡ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ሲነበብ አዛውንቶቹ የሚያዳምጡት ያን ያህል ነው። የታጠረው ቦታ ከየት እስከ የት እንደሆነ በድንጋይ ምልክት፣ በሜትር ብቻ ሳይሆን “ከኮሶው ሥር እስከ ትልቁ ድንጋይ” ተብሎ ይጻፍ። ከብት ቢገባ ቅጣቱ ስንት ብር እንደሆነ፣ ገንዘቡን ማን እንደሚይዝ፣ ልብስ በሳሙና የት እንደሚታጠብ፣ በዓመት ስንት ቀን ደቦ እንደሚወጣ ይግባበት። ቅጣቱን ዝቅ አድርጉት። ከፍ ያለ ቅጣት አይከፈልም፤ ያልተከፈለ ቅጣት ደግሞ ደንቡን ይገድለዋል። ሁሉም ይፈርም ወይም ጣቱን ያኑር፤ ቀበሌው ማኅተም ያሳርፍበት፤ አንድ ቅጂ ዕድሩ ጋ ይቀመጥ። ቀበሌ ጸሐፊ ይቀየራል፣ ዕድር አይቀየርም።

ስለ ባሕር ዛፍ እዚህ ጋ ልናገር፤ ስብሰባው የሚፈነዳው በሱ ነው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አብሮን አለ። የልጅ መዳሪያ፣ የማዳበሪያ ዕዳ መክፈያ፣ የቤት ማገር ነው። ለገበሬው ባንኩ ነው። በምንጭ አጠገብ ያለ ባሕር ዛፍ ውሃ እንደሚጠጣ ሁሉም ያውቃል፤ “ንቀለው” ሲባል ግን ባንክህን አቃጥል እንደማለት ነው። ያዋጣን መንገድ ይህ ነበር። ከዓይኑ 50 እርምጃ ውስጥ ያለው ብቻ ተለየ። ባለቤቱ ደርሶ ሲሸጠው ይሽጥ፣ ግን ጉቶው እንዳያቆጠቁጥ ተስማማን። ቆርጦ መሄድ አይበቃም፤ ባሕር ዛፍ ከጉቶው ይመለሳል። ልጣጩን እስከ አፈሩ ድረስ ልጣችሁ በአፈር ቅበሩት፣ ያቆጠቆጠውንም በየጊዜው ስበሩ። በምትኩ ባለመሬቱ ከታች በኩል፣ ምንጩን በማይነካ ቦታ፣ ችግኝ ተሰጠው። የደቦው ሰው ተከለለት። ተራ ነገር ይመስላል፤ ክርክሩን የቋጨው ግን ይኸው ነው።

ከላይ የሚሠራው

የአፈርና ውሃ ጥበቃ ደቦ በእኛ አገር ጥርና የካቲት ነው። አዝመራው ገብቷል፣ በልጉ አልጠነከረም። በዘመቻው ተዳፋቱን የሚሠራ ሰው አይጠፋም፤ የእናንተ ድርሻ ጉልበቱን ወደ ምንጩ አናት ማምጣት ነው።

መጀመሪያ አጥሩ። ከተቻለ ከዓይኑ ወደ ላይ 30 ሜትር ያህል ይከለል። በዚህ ውስጥ እርሻም፣ በረትም፣ ሽንት ቤትም አይኖርም። ከታጠረው ቦታ ውጭ እንኳ ሽንት ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከምንጩ በላይ ባይሆን ደግሞ ይመረጣል።

ከአጥሩ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል። ፈሰሶቹ ያመጡትን ጎርፍ ተቀብሎ ከምንጩ አሳልፎ ወደ ተፈጥሮ ውሃ መሄጃ ይወስዳል። ቦዩ ደልዳላ ከሆነ ውሃ ያቁርና ይሰበራል፤ ከተዳፋ ደግሞ ራሱ ቦረቦር ይሆናል። በ100 ሜትር ርዝመት ከ50 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ዝቅታ በቂ ነው። ለመለካት መሣሪያ አትፈልጉ፤ ግንበኞች የሚይዙት ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ውሃ ሲሞላ ሁለቱ ጫፎች እኩል ከፍታ ያሳያሉ። የቆፈራችሁትን አፈር ወደ ታች ጎን ክመሩት። ወደ ላይ ከከመራችሁት የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ቦዩ ውስጥ ይጥለዋል። ይህን የምለው ሲሠራ ያየሁት ስህተት ስለሆነ ነው።

ከቦዩ በላይ፣ ተዳፋቱ ላይ፣ ትሬንች የሚባለው ዝናብ የሚያቁር ጉድጓድ ይመጣል። 3 ሜትር ርዝመት፣ ግማሽ ሜትር ስፋት፣ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው አንድ ትሬንች 750 ሊትር ይይዛል። ዝናቡ ሮጦ ከሚሄድ እዚያ ቆሞ ይሰርጋል፤ ምንጭን የሚመግበው የሰረገው ውሃ ነው። ግን በሁሉም ቦታ አይደለም። መረሬ መሬት ላይ ወይም ከልክ በላይ በሚዘንብበት ደጋ ትሬንችና ደልዳላ እርከን ማሳውን ያጨቀያል፤ ገበሬው በነጋታው ቢያፈርሰው አይፈረድበትም። ከደብረ ሲና መንገድ ብዙም ሳይርቅ ያለው የአንዲት ጥድ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1982 ጀምሮ ዝናብ፣ ጎርፍና የሚታጠብ አፈር ሲለካ የኖረው ደጋው የራሱ ጠባይ ስላለው ነው። ትሬንቹን ለግጦሽና ለድንጋያማው ተዳፋት አድርጉት፤ ለማሳው ግን የገበሬውን ፈሰስ አክብራችሁ ጫፉን ብቻ አስተካክሉ።

ቦረቦር ካለ ከአናቱ ጀምራችሁ በድንጋይ ክትር ያዙት። የክትሩ መሐል ከዳርና ከዳሩ ዝቅ ይበል። ካልሆነ ውሃው በጎን ይበላውና ክትሩ ሐውልት ሆኖ ይቀራል።

ዓይኑን ስትነኩ

አሁን ሲሚንቶው ይምጣ። ግን መጀመሪያ የደረሰብንን ልንገራችሁ።

ከዓመታት በፊት በአንድ ጎጥ የምንጭ ግንባታ ላይ ነበርኩ። ሥራው ያምር ነበር። ድንጋዩ ተጠርቦ፣ በሩ ቀለም ተቀብቶ። ጀሪካን ቆሞ እንዲሞላ ተብሎ ቧንቧው ከፍ ተደርጎ ተተከለ። ውሃው ዓይኑ ላይ በተገነባው ሳጥን ውስጥ ከነበረበት ከፍታ በላይ እንዲጠራቀም ተገደደ ማለት ነው። ሁላችንም አጨበጨብን፣ እኔንም ጨምሮ። ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ላይ ቧንቧው ቀጠነ። ኅዳር ላይ ጠብታ ሆነ። ውሃው የት ሄደ? ከሳጥኑ 15 እርምጃ በጎን፣ የአንድ ሰው ባቄላ ማሳ ውስጥ እየፈለቀ ነበር። ውሃ ወደ ላይ ሲገፋ ይታክተዋል፤ ቀላሉን መንገድ ይፈልጋል። የሠራው አካል “ምንጩ ተቀየረ” ብሎ ሪፖርት ጻፈ። ምንጩ አልተቀየረም፣ እኛ ገፋነው።

ስለዚህ ዋናው ሕግ ይህ ነው። መውጫ ቧንቧውም ትርፍ ማስወገጃውም ምንጩ በተፈጥሮ ከሚወጣበት ከፍታ በታች ይሁን። ጀሪካን ማቆሚያ ከፈለጋችሁ ቧንቧውን አታንሱ፣ መሬቱን ዝቅ አድርጉ።

ቁፋሮው በእጅ ብቻ ነው። ድማሚትና ማሽን አይነካውም። ውሃው ከጠንካራ መሬት ወይም ከድንጋይ ሥር የሚወጣበት እስኪታይ ብቻ ተከተሉት። ከሥሩ ያለውን ሸክላ አፈር አትብሱት፤ ውሃውን ይዞ ወደ ዓይኑ የሚመራው እሱ ነው። ከተበሳ ውሃው ወደ ታች ይጠፋል። ዓይኑ ፊት ለፊት የታጠበ ድንጋይና ጠጠር ይደረደራል፣ ከፊቱ ግንብ ይቆማል፣ ከላይ በሸክላ አፈር ተጠቅጥቆ ይዘጋል። ትርፍ ማስወገጃው አፍ ላይ ወንፊት ይግባበት፤ እንቁራሪትና አይጥ ክረምት ላይ ማደሪያ ይፈልጋሉ። ከሥር ማጠቢያ ቧንቧ ይኑረው። ክዳኑ ከባድና በመቆለፊያ ይሁን። ሲያልቅ ሳጥኑን በበረኪና እጠቡት፣ ያን ውሃ ሙሉ በሙሉ አፍስሱት፣ ከዚያም ወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት ናሙና ወስዶ እንዲያስመረምርላችሁ ጠይቁ።

ያ የሌሊት ውሃ ትዝ አላችሁ? ለሱ ከሳጥኑ በታች ሮቶ ይቀመጥለታል። 7,200 ሊትር ለሚያድር ምንጭ ባለ10,000 ሊትሩ ይበቃል። ጠዋት ላይ ቧንቧው በጥንካሬ ይወርዳል፣ ወረፋው ይሟሟል። አደራ፣ የሮቶው ትርፍ ወደ ወንዙ ይመለስ። ከታች የሚጠብቅ ሰውና ቄጠማ አለ።

ተከላው

ችግኝ ሐምሌ መጀመሪያ ይግባ እንጂ ነሐሴ መጨረሻ አይጠብቅ። ከጥቅምት ጀምሮ ውርጩ ሲመጣ ሥሩ ያልያዘ ችግኝ አይተርፍም፤ የደብረ ብርሃን ሰው ይህን ማንም አይነግረውም። የመጀመሪያውን ዓመት በሣር ወይም በገለባ ሸፍኑት። ለደጋው ኮሶ፣ ወይራ፣ ጽድ፤ ለእርጥቡ ዳር ቀርከሃና ቄጠማ። ወደ ሸዋ ሮቢት በኩል ለቆላው ሾላ፣ ዋንዛና ዶቅማ። ከምንጩ ዓይን ላይ ግን ዛፍ አትትከሉ፤ ሥሩ ግንቡን ይሰነጥቃል። እዚያ ሣር ይበቃል። አረንጓዴ አሻራ ከ2011 ጀምሮ በየዓመቱ ችግኝ ያመጣል፤ ቀበሌው ከማከፋፈሉ በፊት ምን ዓይነት እንደምትፈልጉ በግንቦት ንገሩት። ካልነገራችሁት የመጣውን ትተክላላችሁ።

ከምንጩ በታች

ውሃው ከሳጥኑ ሲወጣ ቅደም ተከተል ይኑረው፤ መጀመሪያ የሰው መቅጃ፣ ከሱ በታች የከብት ገንዳ፣ ከሱም በታችና ከጅረቱ ራቅ ብሎ የልብስ ማጠቢያ። የሳሙናው ውሃ ቀጥታ ወንዝ አይግባ፤ ጠጠር የሞላበት ጉድጓድ ውስጥ ይስረግ። በቆላው በኩል ልጆች ወንዝ ውስጥ ገብተው እንዳይታጠቡ የሚያደርግ ማጠቢያ ለቢልሃርዝያም መፍትሔ ነው።

የመርጫ ፓምፕ ወንዝ ውስጥ አይታጠብም። ቱፎርዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒት ረጭቶ ሲያበቃ ጅረት ውስጥ ፓምፑን የሚያሽ ጎልማሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ፤ እኔም አውቃለሁ። ማሳው ዳር ላይ አንድ ባልዲ ውሃ አስቀምጡለት፣ ያጠበበትንም እዚያው ማሳው ላይ ይድፋው። ባዶ ዕቃው ውሃ መቅጃ እንዳይሆን ይበሳ።

ለከተማ ቀበሌዎች ፌስታሉና ፕላስቲኩ ነው ጉዱ። የፌስታል ክልከላው ሕግ በ2017 ወጥቷል። የወንዝ ዳር ጽዳት ስታደርጉ ቆሻሻውን ከመሰብሰባችሁ በፊት የት እንደሚሄድ ጨርሱ። ሰብስቦ ዳር ላይ ከምሮ ፎቶ ተነስቶ የሚሄድ ማኅበር አለ፤ የሚቀጥለው ጎርፍ መልሶ ያስገባዋል።

ፍሳሽ የሚለቅ ድርጅት ካለስ? መጮህ ብቻ አይደለም፣ አቤቱታ ይጻፍ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው፣ በግሉ የተጎዳ መሆኑን ማሳየት ሳይጠበቅበት፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም በውሳኔው ካልተስማማችሁ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። አቤቱታው ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የውሃው ቀለምና ፎቶ ይኑር። የገባበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ሳታስመቱ ከቢሮው አትውጡ። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

ድንጋይ ገልብጡ

ይህን ለተማሪዎች ስጧቸው፤ ይወዱታል። በበጋ፣ ውሃው ሳይደፈርስ፣ ከጅረቱ ውስጥ ጭብጥ የሚያህሉ አሥር ድንጋዮች ቀስ ብለው ያንሱና ሥራቸውን ይመልከቱ። ነጭ ሳህን ላይ ውሃ ጨምረው ድንጋዩን እዚያ ያሹት። ጠፍጣፋ፣ ሦስት ቀጭን ጅራት ያላቸው፣ በጎናቸው ላባ መሰል መተንፈሻ የሚያርገበግቡ ነፍሳት ከታዩ ውሃው ትንፋሽ አለው። ከጠጠርና ከእንጨት ስባሪ ቤት ሠርተው ውስጡ የሚኖሩትም እንዲሁ ጥሩ ምልክት ናቸው። እንደ ደም የቀላ ቀጭን ትል ብቻ ከሞላ ግን ውሃው አየር አጥቷል፣ ከላይ አንድ ነገር እየገባበት ነው። ከፍሳሹ በላይና በታች በአንድ ቀን ይቁጠሩ። ልዩነቱን አንድ የ6ኛ ክፍል ልጅ ለወረዳ ኃላፊ ሲያስረዳ አይቻለሁ። ኃላፊው ጎንበስ ብሎ ሳህኑን አየ፤ ከዚያ ጫማውን አውልቆ ገባ። እጆቻቸውን በሳሙና ይታጠቡ እንጂ።

ደብተሩና ቁልፉ

ጠባቂ አንድ ሰው ይመረጥ፤ ቢቻል ምንጩ አጠገብ የምትኖር ሴት። በየወሩ ትንሽ ይከፈላት። “በበጎ ፈቃድ” የተባለ ጥበቃ ከሁለት ዓመት በላይ ሲቆይ አላየሁም። ከየቤቱ በወር የምትሰበሰበው ገንዘብ ለሷና ለቧንቧ መክፈቻ መቀየሪያ ትሁን። ቁልፉ ከሁለት ሰው በላይ አይያዝ። ሳጥኑ በዓመት ሁለቴ፣ ከክረምቱ በፊትና በኋላ፣ ይከፈትና ይታጠብ። መቀልበሻው ቦይም ሰኔ ሳይገባ ደለሉ ይጠረግ፤ ከሁሉ የሚረሳው እሱ ነው።

ልኬቱን በየዓመቱ ግንቦት መጨረሻ ድገሙት። በመጀመሪያው ዓመት ለውጥ ካላያችሁ አትደንግጡ፤ ትሬንች የሰበሰበው ውሃ መሬት ውስጥ ገብቶ ዓይኑ ጋ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፣ ዝናቡም ከዓመት ዓመት ይለያያል። ስለዚህ ከሰከንዱ አጠገብ “በልጉ ዘንቦ ነበር” ወይም “በልግ አልነበረም” ብላችሁ ጻፉ። ሦስት ወይም አራት ግንቦት ሲሰበሰብ ምን እየሆነ እንዳለ ደብተሩ ይናገራል። አንድ ነገር ብቻ፣ ጀሪካኗን አትቀይሩ። ባለ20 ተብለው ገበያ ላይ የሚሸጡት ሁሉ እኩል አይይዙም። የለካችሁባትን ቢጫ ጀሪካን በቀለም ምልክት አድርጉባትና ደብተሩ ያለበት ቤት አስቀምጧት፤ ጠላ እንዳይጠመቅባት ብቻ።